ዘጠነኛ ክፍል በእንሰት ማሳ፦ የ2017 የትምህርት ዘመን የሥራ ማስታወሻ

ቦታው በጉራጌ ያለው ቸሃ ነው፤ ከእምድብር ብዙም የማይርቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ። ተማሪዎቹ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገቡ 54 ልጆች ሲሆኑ ዘጠኝ ዘጠኝ እየሆኑ በስድስት ቡድን ተከፍለዋል። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡00 ነው። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ከፍታው ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። 9ኛ ክፍል የተመረጠውም ለዚሁ ነው፦ ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ ልጆቹ 12ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አገር በቀል እውቀት ብዙ ጊዜ በምዕራፉ መጨረሻ በሣጥን ተከብቦ የሚቀመጥ ነገር ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ማሳው፣ ከዚያ የሚያስተምሩት አባቶችና እናቶች፣ ባዮሎጂውና ሒሳቡ ደግሞ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ። እንሰትን ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ በኮባነቱ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ፦ የሚበላው ፍሬው አይደለም። የሚበላው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አሚቾው ነው።

ጥቅምት 2፦ መሬት መምረጥ

ግቢው ውስጥ ሁለት አማራጭ ነበር። አንዱ ከበሩ አጠገብ ያለ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ሌላው ከመጸዳጃ ቤቱ ማዶ ትንሽ ዘንበል ያለ ቦታ። ተማሪዎቹ ሜዳውን መረጡ፤ የተጋበዙት ሁለት አባቶች ደግሞ ተዳፋቱን። ምክንያታቸው አጭር ነው፦ እንሰት ውኃ ይወዳል፣ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን አሚቾውን ያበሰብሰዋል። ክርክሩን ለመፍታት ሁለቱም ቦታ ላይ 60 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ተቆፈረ። የሜዳው ጉድጓድ ከ40 ሴንቲሜትር በታች ግራጫና የዝገት ነጠብጣብ ያለው አፈር አወጣ፤ ክረምት ላይ ውኃ ቋጥሮ እንደሚቆይ ምልክቱ ይኸው ነው። ተዳፋቱ እስከ ታች ድረስ ቀይ ቡናማ ነው። ክርክሩ አለቀ።

ተዳፋትነቱ የተለካው ውኃ በተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የቱቦው ሁለት ጫፎች በሁለት እንጨቶች ላይ ይታሰራሉ፤ ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ከመሬት እስከ ውኃው ያለው ልዩነት የቁልቁለቱ መጠን ነው። በ15 ሜትር ርቀት 1.2 ሜትር ወረደ፤ 8 በመቶ ማለት ነው። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኬቱ ይዋሻል፤ የሁለት ቡድን ቁጥር የተበላሸው በዚህ ነው። ቱቦው መጀመሪያ በባልዲ ውስጥ ተነክሮ ነው መሞላት ያለበት።

የአፈር ዓይነት፦ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ ቀሪው ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና፣ ለአምስት ደቂቃ በኃይል መናጥ፣ ከዚያ ሳይነካ ማስቀመጥ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይወርዳል፣ ደለሉ ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ። ሳሙናው የሸክላው ቅንጣቶች እንዳይያያዙ ነው፤ ያለ ሳሙና የሠራው ቡድን ሸክላው እንደ አሸዋ ፈጥኖ ወርዶ "አሸዋማ" ብሎ ጻፈ።

የተመረጠው ቦታ 18 በ15 ሜትር ነው። ጉድለቱ ፍግ የለውም። እንሰት ከቤት ጀርባ የሚተከለው ያለ ነገር አይደለም፤ በየጠዋቱ ከበረት የሚጠረገው ፍግ ሳይርቅ እንዲደርሰው ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ላም የለውም። ውሳኔ፦ በረት ካላቸው ቤቶች የመጡ ተማሪዎች በየሳምንቱ ግማሽ ማዳበሪያ ከረጢት ፍግ ይዘው ይመጣሉ፤ በረት የሌላቸው ደረቅ ቅጠልና አመድ።

ጥቅምት 9፦ ጀፎረ

የቤት አቀማመጥን ማንበብ። የጉራጌ መንደር የሚጀምረው ከጀፎረ ነው፤ በግራና በቀኝ ቤቶች የተሰለፉበት ሰፊ የሣር አደባባይ መንገድ። ከብት ይግጥበታል፣ ልቅሶና ሠርግ ይዋልበታል፣ ልጅ ይሮጥበታል። ማንም አርሶ ወይም አጥሮ ወደ ራሱ ሊያስገባው አይችልም፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚዳኝ ባህላዊ ሕግ ነው። ተማሪዎቹ በየ50 ሜትሩ ወርዱን ለኩ፤ አምስት ልኬት፣ አማካዩ 31 ሜትር። አንዱ ልኬት 26 መጣ፤ የአንድ ቤት የባሕር ዛፍ መስመር ወደ ፊት ወጥቷል። ይህ መዝገብ ላይ ሰፈረ እንጂ አልተወራም፤ ዳኝነቱ የሽማግሌዎች ነው።

ከጀፎረው ወደ ኋላ ሲኬድ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ በመሃሉ ጎመንና ቡና፣ ከዚያ የእህል ማሳ፣ መጨረሻ ባሕር ዛፍ። ከቤት በራቀ ቁጥር የአፈሩ ጥቁረት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ5፣ በ20 እና በ60 ሜትር ላይ የተወሰደ አፈር ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲደረግ ያለ ላቦራቶሪ ይታያል።

ጥቅምት 16፦ የዝርያ ቆጠራ

በሦስት ግቢ፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው። ቅጹ ስድስት መስመር ብቻ ነው፦ የዝርያው ስም በጉራጊኛ፣ የቅጠሉ መሃል አጥንት ቀለም፣ የግንዱ ቀለም፣ ለምን ይፈለጋል (ለቆጮ፣ ለቡላ፣ ለአሚቾ፣ ለቃጫ፣ ለመድኃኒት)፣ በሽታን እንዴት ይችላል፣ የነገረን ወንድ ነው ወይስ ሴት። የመጨረሻው መስመር ትርፍ ይመስል ነበር፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን እሱ ሆነ። አባቶች ስለ አተካከልና ስለ ጥንካሬ ያወራሉ፣ እናቶች ደግሞ የትኛው ለመፋቅ እንደሚቀል፣ የትኛው ቃጫው እንደሚበዛ፣ የትኛው ቡላ እንደሚሰጥ። አንድ ወገን ብቻ ቢጠየቅ ግማሹ ይቀራል።

ጓርዬ፣ አስታራ፣ አገዴ፣ ነጭዌ፣ ቅብናር፣ የሽራቅንቄ የሚሉ ስሞች ተመዘገቡ። አስታራና ጓርዬ ለተሰበረ አጥንት አሚቾአቸው ተቀቅሎ እንደሚሰጥ በሁለት ግቢ ተነገረ። ችግር፦ አንድ ዓይነት የሚመስል ተክል በሁለት ቤት ሁለት ስም አገኘ። ቅጹ ላይ ስም ብቻ ቢኖር ኖሮ ሁለት ዝርያ ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ቀለሙ ስለተጻፈ ጥርጣሬው ታየ። ፎቶ ሲነሣ ከተክሉ ጎን ነጭ ወረቀት መያዝ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ጥላ ውስጥ ቀዩ ግንድ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ጥቅምት 23፦ ቢላዋ ከመነካቱ በፊት

ይህ ቀን ቢዘለል ፕሮጀክቱ በሽታ አዛማች ነው የሚሆነው። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በዛንቶሞናስ ባክቴሪያ ይመጣል፤ እንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው በ1968 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መድኃኒት የለውም። ዋናው መተላለፊያው የሰው እጅ የያዘው ስለት ነው፤ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው። የታመመ ችግኝ መትከልና ቅጠሉን የበላ ከብትም ያስተላልፉታል።

ምልክቱ፦ መሃል ያለው ለጋ ቅጠል ከጫፉ ይቢጫል፣ ይጠወልጋል፣ ታጥፎ ይንጠለጠላል። ውጪ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢደርቁ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ውርጭም ድርቀትም ያደርገዋል። ማረጋገጫው የቅጠሉን እግር ቆርጦ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከቁርጡ ቢጫማ ወተት የሚመስል የሚያጣብቅ ፈሳሽ እንደ ዶቃ እየሆነ ከወጣ አጠውልግ ነው። ይህ ሙከራ ለማሳያ ተብሎ በግቢው ውስጥ አይደረግም። የታመመ ተክል ባለበት ማሳ፣ ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሜትር ርቀው ቆመው አዩት።

የስለት ማጽጃ መስመር በሦስት ጣቢያ ተሠራ። መጀመሪያ የውኃ ባልዲና ብሩሽ፦ ጭቃውና የተክሉ ጭማቂ ተፈግፍጎ ይወርዳል። ሁለተኛ በረኪና፣ አንድ እጅ በረኪና ለአምስት እጅ ውኃ፣ ስለቱ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል። ሦስተኛ እሳት፤ ስለቱ በሁለቱም ፊት ነበልባል ላይ ይዞራል፣ ለመንካት እስኪያቃጥል። ወይ በረኪናው ወይ እሳቱ ይበቃል፤ ሁለቱም የተቀመጡት በረኪና ባለቀ ቀን ሥራ እንዳይቆም ነው። በየተክሉ መሃል ይደገማል፤ በየቀኑ አንዴ ማለት አይደለም።

የተበላሸው፦ ሁለት ቡድን የመጀመሪያውን ጣቢያ ዘለሉ። ጭቃ የያዘ ስለት በረኪና ውስጥ ሲገባ በረኪናው ጭቃውን ሲያጸዳ ኃይሉን ይጨርሳል፤ ባክቴሪያው ከጭቃው በታች ተደብቆ ይቀራል። ሌላው፣ ጠዋት የተበጠበጠ በረኪና ፀሐይ ላይ እስከ ቀትር ቆየ። ይደክማል፤ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ለየዕለቱም አዲስ ይበጥበጥ። በረኪና ስለት ያዝጋል፤ ሲጨረስ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል።

ኅዳር 14 እና 17፦ እናቱን መቁረጥ፣ መቅበር

እንሰት በዘር ሊበቅል ቢችልም ገበሬ በዘር አያበዛውም። ስድስት እናት ተክሎች ተገዙ፤ ሁሉም ነጭዌ፣ ሁሉም ወደ ሦስት ዓመት ገደማ፣ አንዳቸውም ያላበቡ። ካበበ በኋላ አሚቾው ጉልበቱን ለአበባው ጨርሷልና ለዚህ አይሆንም።

አወጣጡ፦ ከተክሉ ዙሪያ 50 ሴንቲሜትር ርቆ ይቆፈራል፣ ሥሮቹ ይቆረጣሉ፣ ተክሉ ይገነደሳል። ግንዱ ከአሚቾው በላይ 20 ሴንቲሜትር ቀርቶለት ይቆረጣል። ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ቁርጡ ሲታይ የቅጠል እግሮቹ ክብ በክብ ተደራርበው እንደ ሽንኩርት ይታያሉ፤ መሃሉ ላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ነጭ፣ ለስላሳ ለጋ አለ። ያ ለጋ ወደ ታች ተከትሎ ይቦረቦራል፣ ግንዱ አልቆ ጠንካራው የአሚቾ ሥጋ እስኪገኝ። የእድገት ጫፉ፣ እምብርቱ እንበለው፣ ያለው እዚያ መጋጠሚያው ላይ ነው። እሱ እስካለ ድረስ ከጎን ያሉት ቡቃያዎች ተኝተው ይቀራሉ፤ እሱ ሲወጣ ሁሉም ይነቃሉ። አስተማሪ የሆኑት አባት ማወቂያቸው ድምፅ ነው፦ ቢላዋው ለጋውን ሲቦረቡር ዝም ይላል፣ አሚቾው ላይ ሲደርስ ጥሬ ድንች እንደ መቁረጥ ይንኮሻኮሻል። ካልተንኮሻኮሸ አልደረሰም። የዕፅዋት ሆርሞን የሚለው ምዕራፍ በክፍል ውስጥ የተነሣው በቀጣዩ ሰኞ ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ከተማሪዎቹ ነው የመጣው።

ለማነጻጸር ሁለት አሚቾ ሙሉውን፣ ሁለት ለሁለት ተሰንጥቀው፣ ሁለት ለአራት ተሰንጥቀው እንዲቀበሩ ተወሰነ። ቁስሉ እንዲደርቅ ጥላ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ማክሰኞ ኅዳር 17 ተቀበሩ፦ ጉድጓዱ ከአሚቾው በሁሉም ጎን 20 ሴንቲሜትር ይሰፋል፣ ታች የበሰበሰ ፍግና የላይ አፈር እኩል ተደባልቆ ይነጠፋል፣ አሚቾው የተቆረጠው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፣ የተቦረቦረው ጎድጓዳ በዚያው ድብልቅ ይሞላል፣ ላዩ በ10 ሴንቲሜትር አፈር ይሸፈናል፣ ከዚያ የእንሰት ቅጠል ጉዝጓዝ። ትኩስ ፍግ አይገባም፤ ይግላል፣ ቁስሉን ያበሰብሳል። ጎድጓዳው ባዶ ከቀረ የበልግ ዝናብ ይቋጥርበትና ከመሃል ይበሰብሳል።

ልብስ፦ የእንሰት ጭማቂ ልብስ ላይ ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ በኦሞም አይለቅም። ዩኒፎርም ለብሶ መምጣት ከዚህ በኋላ ክልክል ነው።

ኅዳር 28፦ አጥር

ፍየል ገብታ ጉዝጓዙን በትናለች። ደረቅ የግራር ቅርንጫፍ በዙሪያው ተደረደረ። በማሳው ሰሜን ጫፍ ትኩስ የፍልፈል ቁልል ሦስት።

ታኅሣሥ 12፦ መፋቅ

የተቀበሩት ተክሎች ለቆጮ ለጋ ናቸው። ስለዚህ ከአንድ ጎረቤት የደረሰ እንሰት ተገዛ፤ ሥራውም በዚያው ጓሮ ሆነ። መጀመሪያ መፈታት የነበረበት የቴክኒክ ጉዳይ አልነበረም። በልማዱ ወንድ ይተክላል፣ ሴት ትፍቃለች፤ ሴቶች ሲፍቁ ወንድ በአጠገቡ አይቆምም። ግማሹ ክፍል ወንድ ነው። ለሦስቱ እናቶች ሁለት አማራጭ ቀረበላቸው፦ ወንዶቹ በሌላ ቀን በፎቶ ይማሩ ወይም ይግቡ። እናቶቹ ሦስተኛ አመጡ፦ ወንዶቹ ቅጠል ያምጡ፣ ጉድጓድ ይቁፈሩ፣ አሚቾ ይሸከሙ፤ መፋቅ የሚፈልግ ከጠየቀ ይፋቅ፤ የማይፈልግ አይገደድ። ዘጠኝ ወንዶች ጠየቁ። እንዲህ ያለውን ነገር መምህር ብቻውን ወስኖ ቢመጣ ኖሮ እናቶቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጡም ነበር።

አሠራር፦ አንድ ጣውላ ከቆመ እንሰት ግንድ ጋር ዘንበል ተደርጎ ይታሰራል። የግንዱ ቅርፊቶች አንድ በአንድ ተላጠው፣ ወደ 60 ሴንቲሜትር ተቆርጠው፣ ውስጠኛው ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጣውላው ላይ ይዘረጋሉ። ፋቂዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የቅርፊቱን የላይ ጫፍ በእግሯ ተጭና ትይዛለች፣ በሁለት እጇ የቀርከሃ መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች ትስባለች። ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጅ ላይ ይቀራል። የመፋቂያው ማዕዘን ሁሉን ይወስናል፦ በጣም ከቆመ ቃጫውን ይበጥሳል፣ የተበጠሰው ቆጮው ውስጥ ይገባና ሲበላ በጥርስ መሃል ይቀራል፤ በጣም ከተኛ ሥጋውን ሳይወስድ ያልፋል። ተማሪዎቹ የፋቁት ሁሉም ቃጫ የበዛበት ስለነበር ለብቻው ተደረገ። አሚቾው ጥርስ ባለው እንጨት ይደቆሳል።

ከተፋቀው ላይ የሚጨመቀው ነጭ ውኃ ቅጠል በተነጠፈበት ትንሽ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ሲረጋ ከታች የሚተኛው ስታርች ቡላ ነው። ሳይረጋ ውኃውን ለማፍሰስ መቸኮል ቡላውን ማፍሰስ ነው፤ እስከ ማግስቱ ይተኛ።

ቁጥሮቹ፦ የግንዱ ዙሪያ በ50 ሴንቲሜትር ከፍታ 148 ሴንቲሜትር፣ የግንዱ ቁመት 2.3 ሜትር። የተፋቀና የተደቆሰ፣ ገና ያልዳበረ 47 ኪሎ፣ እርጥብ ቡላ 2.1 ኪሎ፣ የደረቀ ቃጫ 0.6 ኪሎ። የሒሳብ ክፍሉ ግንዱን እንደ ተቆረጠ ሾጣጣ ወስዶ ይዘቱን አሰላ።

ጉድጓዱ፦ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 70 ሴንቲሜትር፣ ዙሪያው በአራት ድርብ የእንሰት ቅጠል። ከቀድሞ ጉድጓድ የመጣ ሁለት እፍኝ የዳበረ ቆጮ እንደ እርሾ ተደባለቀ። ተጠቅጥቆ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ በድንጋይ ተጫነ።

ጥር 3፦ ጉድጓዱ ተከፈተ፣ 21ኛ ቀን

የተቀበረ ዕለት በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ወደ 6.5 ነበር፣ ዛሬ ወደ 5። ወረቀቱ ከግማሽ ነጥብ በታች አይለይም፤ ከዚያ የጠበበ ቁጥር የጻፈ ቡድን እንዲሰርዝ ተደርጓል። አሲዱን የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሌሎቹን አበስባሾች የሚያባርረውም ይኸው አሲድ ነው።

በምዕራብ በኩል ጥቁርና የሚሸት ሽፋን ተገኘ፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት ያህል። ምክንያቱ ተገኝቷል፦ አንድ ቅጠል የመሃል አጥንቱ ሳይወጣ ስለተነጠፈ ጎብጦ ክፍተት ፈጥሯል፤ አየር ገብቷል። ጥቁሩ ተነሥቶ ተጣለ፣ የቀረው ተገለባበጠ፣ ቅጠሉ በሙሉ በአዲስ ተቀየረ። የመሃል አጥንት ሁልጊዜ ይወጣል።

ጥር 24፦ ሁለተኛ ማገላበጥ

ወደ 4.5። ሽታው ጎምዛዛ፣ ንጹሕ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

የካቲት 8፦ ቡቃያ

አሚቾዎቹ ከተቀበሩ 81ኛ ቀን። በሁለት የተሰነጠቀው አንደኛ አሚቾ ጠርዝ ላይ አራት ቀይ ጫፎች፤ ቡቃያው ከመሃል ሳይሆን ከዙሪያው እንደሚመጣ ለማየት ቀኑ ደስ ይላል። ሙሉው ቁጥር ሁለት ግን ከመሃሉ አንድ ወፍራም ቅጠል ብቻ ሰደደ። የዚያ ቡድን መዝገብ ኅዳር 14 ላይ "ተቦርቡሯል፣ 9 ሴ.ሜ." ይላል፤ የሌሎቹ ከ17 እስከ 22 ነው። አልደረሰም ማለት ነው፣ እምብርቱ ተርፏል። አሁን ወጥቶ እንደገና ይቦርቦር የሚል ሐሳብ ነበር፤ እንዲሁ እንዲተው ተወሰነ፣ ለማነጻጸሪያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

መጋቢት 13፦ ተከላ

ዘንድሮ የተቀበረው የሚነቀለው በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ፣ ለተከላ 24 የአንድ ዓመት ችግኞች ከጤነኛ ማሳ መጡ። "ጤነኛ" የሚለው በቃል አልታመነም፤ ሁለት ተማሪዎችና አንድ አባት ማሳውን መስመር በመስመር ዞረውታል። በነጋታው ገበያ የተሻለ ዋጋ ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ችግኝ ግን በነጻም ውድ ነው።

ርቀቱ በመስመር ውስጥ 1.5 ሜትር፣ በመስመሮች መሃል 3 ሜትር። መስመሩ በቱቦው ተለክቶ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይሄዳል። በሦስት ሜትሩ መሃል እንሰቱ እስኪያጠላ ጎመንና ቦሎቄ ይገባል። ጉድጓድ 40 በ40 ሴንቲሜትር፣ ሁለት አካፋ የበሰበሰ ፍግ። ሥሮቹ ከሥራቸው ተከርክመዋል፣ ቅጠሉ ከመሃል ለጋው በስተቀር ተቆርጧል፤ ሥር እስኪይዝ ውኃ የሚያተን ቅጠል ዕዳ ነው። ከተከሉ በኋላ በእግር ጠቅጥቆ መሳብ፦ በሁለት ጣት ሲሳብ ከተነቃነቀ አልተጠቀጠቀም።

መጋቢት 27፦ መጋገር

የመጀመሪያው ቀጠሮ መጋቢት 6 ነበር። ረመዳን ስለነበር ተዛወረ። ዐቢይ ጾም ደግሞ አሁንም አልወጣም፤ ስለዚህ አይብና ክትፎ የለም፣ በዘይት የተሠራ ጎመን ብቻ። ቆጮ ራሱ ለሁሉም ጾም ይሆናል።

ቆጮው ከተቀበረ 105ኛ ቀን፣ ፒኤች 4 ገደማ። ሦስት ኪሎ ወጣ። በጨርቅ ተጠቅልሎ በሁለት ሰው ተጠምዞ ይጨመቃል፤ አንድ እፍኝ ተጨብጦ ሲለቀቅ ሳይፈርስ ከቆመና መዳፍ ካላረጠበ በቅቷል። ከዚያ ጣውላ ላይ በቢላዋ እየተከተከተ የቀረው ቃጫ ይቆራረጣል፤ ይህ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ሁሉም ሊያሳጥረው ይፈልጋል፣ ያሳጠረው ቡድን የጋገረው ክር ክር አለ። ለስላሳ ሲሆን አንድ ጣት ውፍረት ባለው ክብ ይጠፈጠፋል፣ እሳት ላይ ለአፍታ ዞሮ በለሰለሰ የእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል፣ በሸክላ ምጣድ ላይ መጠነኛ እሳት፣ በየፊቱ ወደ ዐሥር ደቂቃ። ያልተጨመቀው ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ከመጠን በላይ የተጨመቀው ይሰነጠቃል፤ ለኋለኛው ጥቂት ቡላ ቢገባ ይያያዛል።

ሚያዝያ 25

ከ24ቱ ችግኞች ሦስቱ ጠወለጉ። የሁሉም ልብ ደነገጠ፤ የአጠውልግ ሙከራው ፈሳሽ አላወጣም። ሲሳቡ ሦስቱም በአንድ እጅ ተነቀሉ፣ ታቻቸው ተበልቶ አልቋል። ፍልፈል ነው፣ ሦስቱም ከሰሜን ጫፍ። የኅዳሩ ቁልል ተጽፎ ቀርቶ ምንም አልተደረገበትም ነበር። የአካባቢው መፍትሔ ዋሻውን ፈልጎ በየአምስት ሜትሩ ከፍቶ መተው ነው፤ ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ ስለማይወድ ሊዘጋ ይመጣል፣ ወጥመዱም እዚያ ይቀመጣል። በሁለት ሳምንት ሁለት ተያዙ። የሞቱት ሦስቱ ተተኩ።

ግንቦት 23፦ ቆጠራ

ከ5 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ቡቃያ ብቻ ተቆጠረ። ሙሉ አንድ፦ 63። ሙሉ ሁለት (እምብርቱ የቀረው)፦ 11። በሁለት የተሰነጠቁት፦ 71 እና 58። በአራት የተሰነጠቁት፦ 46 እና 17፤ የመጨረሻው ከአራቱ ቁራጭ ሁለቱ በስብሰዋል። ጠቅላላ 266።

ተማሪዎቹ "ሁለት ቦታ መሰንጠቅ ይሻላል" ብለው ሊጽፉ ፈለጉ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብቻ ስላለ፣ ከዚያም አንዱ በስህተት ስለተበላሸ፣ ይህ ቁጥር ያን አይሸከምም። ሊጻፍ የሚችለው፦ እምብርቱ የቀረበት ከሁሉ ያነሰ ሰጠ፣ ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ቁስሉ ይበዛል፣ ሁለት ቁራጭ በሰበሱ። ቡቃያ በርክቶ የቀጠነ ከሆነ ደግሞ ብዛቱ ትርፍ አይደለም። የግንዱ ውፍረት በጥቅምት ይለካል።

ምዘናው የጽሑፍ ፈተና የለውም። 40 በመቶ መዝገብ (የተሰረዘ ቁጥር እንዳለ ይታያል፣ ቁጥር ፍቆ ማጥፋትና ገጽ መቅደድ ነጥብ ያስቀንሳል)፣ 30 በመቶ የስለት ንጽሕና ሳይነገር ሲታይ፣ 30 በመቶ አንድን ደረጃ ለአስተማሩት አባት ወይም እናት በጉራጊኛ ማስረዳት፣ ጉራጊኛ ለማይችል በአማርኛ። እናቶቹ በነጥብ አሰጣጥ ከመምህራኑ ይከብዳሉ።

ሰኔ 7፦ ክረምት

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ማሳው አይዘጋም። ሐምሌና ነሐሴ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቡድን ያርማል፤ ተራው ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። በእርጥብ አፈር ዶማ አይገባም፣ አረም በእጅ ይነቀላል፤ በዶማ የተነካ ሥር ለበሽታ በር ነው። የተቀበሩት አሚቾዎች ዙሪያ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ 15 ሴንቲሜትር፣ ተቆፍሯል። ማንም ቅጠል ለዳቦ ብሎ እንዳይቆርጥ ለአካባቢው ሰው ተነግሯል፤ ለቡሄ ሰሞን ጥያቄው እንደሚመጣ የታወቀ ነው፣ ለዚያ ከአጥሩ ውጪ ያለው አሮጌ እንሰት ተለይቷል፣ ቢላዋውም የሚሰጠው ከባልዲው ጋር ነው።

የሚነቀለው 2018 ታኅሣሥ ወይም ጥር፣ ልጆቹ 10ኛ ክፍል ሆነው። እስከዚያ ስድስቱ ቢላዎች ዘይት ተቀብተው መሣሪያ ክፍል ተሰቅለዋል፤ የአራተኛው ቡድን እጀታው ስለላላ ሚስማር ይፈልጋል።